የማይሰፋት ቀሚስ

የእህቴ ባል መድኃኒቱን ከፋርማሲ ይዞ ሲገባ እየሳቀ ነበር። የሚያስቅ ነገር በሌለበት ቤት እየሳቀ የሚገባ ወንድ አንድም ጠጥቷል፣ አንድም ደብቋል። ይኼኛው ደግሞ አይጠጣም።

«ይኸው፣ የዛሬው ይለያል» አላት እህቴን፣ ቀዝቃዛውን ከረጢት እያቀበላት።

እሷም ሳትከፍተው ወደ ማቀዝቀዣው ሄደችና ከወተቱ ጀርባ ሸጎጠችው። በሩን ዘግታ ዞር ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

«ምን ታፈጫለሽ?» አለችኝ።

«ማፍጠጥ ክልክል ነው እንዴ?»

«አንቺ ምላስ!» ብላኝ አለፈች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ ለመመንጠር የተፈጠርኩ ሰው አይደለሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔን ከዚያ ማቀዝቀዣ ላይ አላነሳሁም።

ታላቅ እህቴን እታለም ነው የምላት። ከልጅነቷ ጀምሮ ወፍራም ነበረች፤ ጉልበቷ አልሸከም ሲላትና ስኳሯም ሲጨምር ጨጓራዋን በቀዶ ጥገና አሳነሱላት። ክብደቷ ወረደ፣ ደረጃ መውጣት ቻለች፣ አገባች። ከጊዜ በኋላ ግን ያ የጥንቱ ረሃብ እንደ ሌባ በጓሮ ተመልሶ ገባ። ሐኪሟ ጎበዝ ሴት ናት፤ አልተቆጣቻትም። «ቀዶ ጥገናው ጨጓራን ያሳንሳል እንጂ ረሃብን ቆርጦ አይጥልም። ብዙ ሰው ላይ ይመለሳል። የሚያግዝ መድኃኒት አለ» አለቻት። በሳምንት አንዴ ሆድ ላይ የሚወጋ፣ እስክሪብቶ የሚመስል መርፌ ነው። በትንሽ ይጀመራል፤ እየታየም በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ከፍ ይላል። ይኼን ማንም አልነገረኝም። ከሳጥኑ ውስጥ የወጣችውን፣ ፊደሏ ከቁንጫ የምታንሰዋን ወረቀት መዝገበ ቃላት ይዤ ነው ያነበብኳት። ትምህርት ቤት ባልጨርስም ማንበቤን ያስቆመኝ የለም።

መጀመሪያ ላይ መድኃኒቱ ጥሩ ነበር። እታለም ሳህን ፊቷ ሲቀርብ አትንቀጠቀጥም፤ ፊቷም መልክ ያዘ። ከዚያ ግን ከልኩ አለፈ። ጉንጯ ገባ፣ አንገቷ ላይ ጅማት ወጣ፣ ታስታውክ ጀመር፤ ማበጠሪያዋ ላይ የሚቀረው ፀጉር ትንሽ ዊግ ይወጣዋል። እንግዲህ የጠረጠርኩት ከመሬት ተነስቼ አይደለም።

እኛ ልብስ ሰፊዎች ነን። አባታችን ትቶልን የሄደው አንዲት ጠባብ ሱቅ ናት፤ ፊት ለፊት መስታወት፣ መሀል የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ከኋላ በመጋረጃ የተከለለ መለኪያ ክፍል። እታለም ትቆርጣለች፣ እኔ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጬ እሰፋለሁ፣ ከደንበኛም ጋር እጨቃጨቃለሁ። እናታችን አራታችን በምንኖርበት ቤት ሆና ቁልፍ ትተክላለች፣ ጠርዝ ታጥፋለች፤ የቤተሰቡንም ልብስ የምታጥብና የምትተኩስ እሷ ናት። ጊዜው የተማሪዎች ደንብ ልብስ የሚሰፋበት ስለነበር ቀና የምንልበት ፋታ አልነበረንም።

«እታለም፣ ምሳሽ» አልኳት አንድ ቀን።

«በላሁ እኮ።»

«ምኑን? ማንኪያውን?»

«መኪናሽን አሽከርክሪ።»

«ከስተሻል እኮ! መስታወት የለሽም? እዛ ጋ የቆመው ጣውላ ካንቺ ይወፍራል።»

መቀሷን ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። «የት ነው የከሳሁት? ቀሚሱ ያው ነው» አለች። «ዓይንሽ ነው የሚዋሽ። ልብስ አይዋሽም።»

ስለ ቀሚሱ ልንገራችሁ። አባታችን ሰው ሲለካ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራ ነበር፤ ሌላው ይጽፍለታል። የሙያው ወግ ነው፣ ክፋት አልነበረውም። እታለምን ሲለካም እንደዚያው ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ተራ የሚጠብቀው ደንበኛ ደግሞ «ለድንኳን ነው ለልብስ?» እያለ ይስቃል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ እታለም ማለች፤ ሜትር ገላዬን አይነካም፣ ሚዛን ላይም ወጥቼ ቁጥር አላይም አለች። በሁለቱ ፋንታ ለራሷ አንድ ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ ቆረጠች። ላስቲክ የለውም፣ የሚለጠጥ ጨርቅም አይደለም፣ ገላን ተከትሎ የሚወርድ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ መኝታ ቤቷን ዘግታ ትለብሰዋለች። ከጠበባት ወፍራለች፤ ወገቧ ላይ ሁለት ጣት ካስገባ ደግሞ መድኃኒቱ ሠርቷል ማለት ነው። ሐኪሟ በስልክ ስትጠይቃትም በዚሁ ነበር የምትመልሰው፤ ቀጠሮ እንኳ ሥራ በዛብኝ እያለች ስታስተላልፍ ነው የከረመችው።

ቀሚሱ ደግሞ አንድም ጣት አላስገባም። ልክክ እንዳለ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ያዞረኝ። እኔም የሰፊ ልጅ ነኝ፤ ልብስ አይዋሽም ብዬ ነው ያደግኩት። ዓይኔም ደግሞ አይዋሽም። ሁለቱ ተጣልተዋል፤ መሀል ላይ የሆነ ሰው ገብቷል ማለት ነው። መርፌው ውስጥ ውሃ ሞልተውባት ይሆን? ውሃ ከሆነስ ምን ያስታውካታል? ሌላ ነገር ቢሆንስ? መድኃኒቱን ከፋርማሲ ወደ ቤት የሚያመላልሰው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እየሳቀ።

የእህቴ ባል የታክሲ ሾፌር ነው። መኪናውን በር ላይ ሲያጥብ ቆምኩበት።

«ጋሼ፣ ይቺ መርፌ የምትመጣው ከየትኛው ፋርማሲ ነው?»

«ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ካለው። ምነው?»

«ሁልጊዜ ከዚያ?»

«አንቺ ደግሞ ምርመራ ጀመርሽ?» አለና ጨርቁን ጨመቀ። «ጣቴን ልስጥሽ፣ አሻራ ትወስጃለሽ?»

«ይዘህ ስትገባ ለምን ትስቃለህ?»

ያን ጊዜ ሳቁ ጠፋ። ጎማው ላይ ውሃ ደፋበትና፣ «እኔ ካልሳቅሁ እሷ ታለቅሳለች» አለ። «አልሠራልኝም እያለች ነው። የዛሬው ይለያል እያልኩ ነው የማስገባው። ሌላ ምን ላድርግ?»

ጥሩ መልስ ነበር። ጥሩ መልስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተዘጋጀ መልስ ስለሆነ አላመንኩትም።

በማግስቱ ጨርቅ ልገዛ ብዬ ወጣሁና ፋርማሲው ዘንድ ሄድኩ። ባለሙያው መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ትሑት ሰውዬ ነው። ያንኑ ሳጥን አሳዩኝ አልኩት፤ አሳየኝ። ማሸጊያውን በጥፍሬ ነካካሁ፣ ከቤት ካየሁት ጋር በልቤ አስተያየሁ። አንድ ነው።

«የውሸት ይመጣል ይባላል» አልኩት።

«ይባላል። የኛ ግን የሚመጣው ከዋናው አስመጪ ነው» አለ ሳይቆጣ። ከዚያ መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደና አየኝ። «ይኼን መድኃኒት ለሚስቱ ከሚወስደው ሳቂታ ሰውዬ ጋር ቤተሰብ ነሽ መሰለኝ፤ ሳቃችሁ ባይመሳሰልም የያዝሽው ከረጢት ይመሳሰላል።»

«ታናሽ እህቷ ነኝ።»

«የታካሚ ጉዳይ ለሌላ ሰው አልናገርም። ግን አንዴ ሐኪሟን እንድታገኝ ንገሪያት። ባሏ ‹ሐኪሟ ከፍ አድርጋላታለች› ስላለኝ ነው ቀኑ ሳይደርስ ደጋግሜ የሰጠሁት። እኔ እጄ ላይ ያለው ማዘዣ ግን የድሮው ነው።»

ከዚህ በላይ አንድ ቃል አልጨመረም። መጨመርም አላስፈለገውም። መድኃኒቱ ቶሎ ቶሎ እያለቀ ነው።

እየሮጥኩ ሱቅ ስደርስ እታለም ከመጋረጃው ጀርባ ወንበር ላይ ተቀምጣ ግድግዳ ተደግፋለች። ዓይኗን ጨፍናለች።

«ማነው የጨመረልሽ?»

«ምኑን?»

«እታለም፣ አታሞኚኝ። መርፌውን ነው። ሐኪምሽ አላዘዘችም፤ ባልሽንም ዋሽተሽዋል። ማነው የጨመረልሽ?»

ዓይኗን ከፈተች። «ቀሚሱ» አለች።

«አላበድሽም?»

«ቀሚሱ ነው የጨመረልኝ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እለብሳለሁ፣ ያው ነው። እየራብኩ፣ እያስመለስኩ፣ ያው ነው! አንቺ ምን ታውቂያለሽ? አንቺ ስታልፊ ወንበር አልተሸሸገም። አንቺ ታክሲ ውስጥ የሁለት ሰው ክፈይ አልተባልሽም። ተመልሼ ያንን ልሁን?»

«ለሐኪምሽ እደውላለሁ።»

«ደውይ። ከዚያ ታቆምብኛለች፣ እኔም እህት የለኝም እላለሁ።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ የኔ አፍ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አላመለጠም። ወጥቼ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ፤ ለማን ልንገር እያልኩ ክር በጠስኩ። ለባሏ ብነግር ሮጦ ለሷ ይነግራል። ለእናቴ ብነግር... እናቴማ ከመጀመሪያውም ቀዶ ጥገናውን አልወደደችውም፤ «የተፈጠረልሽን ሆድ ምን አደረገሽና ታስቆርጫለሽ» ብላ ቀኑን ሙሉ ያኮረፈች ሴት ናት።

አርብ ዕለት እታለም ጨርቅ ደራርባ የደንብ ልብስ ኮት ቆረጠች። ስገጣጥመው አልገጥም አለኝ። የቀኙንም የፊት ቁራጭ በግራው ልክ ቆርጣዋለች፤ ቀኝ የሚባል የለም፣ ሁሉም ግራ ነው። እታለም ከሰው ጋር እየተጨቃጨቀች፣ ስልክ ትከሻዋ ላይ አጣብቃ እንኳ የማትሳሳት ቆራጭ ናት።

«ጨርቁ ነው የተገለበጠው» አለች፤ ላቧ ግን በግንባሯ እየወረደ ነበር። ጠረጴዛውን ይዛ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ውሃ ስሰጣት ብርጭቆውን በሁለት እጇ ነው የያዘችው። የዚያን ጊዜ ወሰንኩ፤ እህት የለኝም ትበል፣ ሰኞ ሐኪሟ በር ላይ እቆማለሁ።

እስከ ሰኞ ግን አልደረስንም።

ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ ሳሙና ልትገዛ ወጥታ፣ የሚተኮሰው ልብስ ክምር ቤት ውስጥ እንዳለ ነበር። ካውያው ግሎ ጠበቀኝ፣ እኔም እጄን ላፍታታ ብዬ ያዝኩት። ከላይ ያለው ያ ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ ነው። በጎኑ ስሄድበት ካውያው አንድ ነገር ላይ ተንገጫገጨ። ስፌት ላይ ካውያ እንዲህ አይልም። ገለበጥኩት።

ከስፌቱ ውስጥ የተረፈው ጨርቅ ከመዳፌ ጠርዝ ይሰፋል። እታለም እንዲህ ያለ ትራፊ ትታ አትቆርጥም። መስኮቱ ጋ ወስጄ ብርሃን ላይ ዘረጋሁት። የመርፌ ቀዳዳዎች ነበሩበት፤ በረድፍ በረድፍ፣ አንዱ ከሌላው ወደ ውስጥ እየገባ፣ ተተርትሮ እንደገና የተሰፋ፣ በካውያ ተጭኖ የተደበቀ። አንድ ሰው እህቴን ከጨርቁ ጋር እየተከተለ ወደ ውስጥ ሲያሳድዳት ከርሟል። እሷ በሸሸች ቁጥር ስፌቱ ይከተላታል።

እዚህ ቤት የሚሰፋ ማነው? እኔ፣ እሷና እናቴ። የእህቴ ባል ቁልፍ እንኳ ሲነቀልበት በስቴፕለር የሚያያይዝ ሰው ነው። እታለም ራሷን አታታልልም። ስፌቱን በጥፍሬ ዳሰስኩት። የእጅ ስፌት ነው፤ ደቃቅ፣ ወደ ኋላ እየተመለሰ የሚሄድ፣ ክሩ በሻማ ሰም የታሸ። ክር በሰም የምታሽ በዚህ ቤት አንዲት ሴት ናት።

የገዛ እናቴን ጠረጠርኩ። ጠርጥሬም አላፈርኩም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ቀዶ ጥገናውን የጠላች ሴት፣ ልጇ ተስፋ ቆርጣ እንድትተወው ብትፈልግስ?

እናቴ ሳሙናዋን ይዛ ስትገባ ቀሚሱን ገልብጬ ፊቷ ዘረጋሁት።

«እማዬ፣ ይኼ ምንድነው?»

«ምን ይሆናል? ቀሚስ ነዋ።»

«ስፌቱን ነው የምልሽ።»

«አሃ» አለች፤ ጭራሽ ፊቷ በራ። «አጠበብኩላት። እንዴት ነው? ዓይንሽ እስኪፈስ ብታይ ከላይ ታገኚዋለሽ?»

«ለምን?!»

«እንዴት ለምን? ሲንጠለጠልባት ዝም ልበል?» ሳሙናውን አስቀመጠችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ስትወፍር ‹ልጅሽ ምን ትበላለች› አሉኝ። ስትከሳ ደግሞ ያቺ የላይኛዋ ጎረቤት በር ላይ ይዛኝ ‹ምን አግኝቷት ነው፣ ደህና ናት ግን?› አትለኝም! ልብስ የተንጠለጠለበት ሰው በሽተኛ ይመስላል። ልክክ ያለበት ሰው ግን ሸንቃጣ ነው የሚባለው። ባጠብኩ ቁጥር ሰብሰብ አደርገዋለሁ። ይኼን ብቻ መሰለሽ? ሁሉንም ነው።»

«ሁሉንም?»

«ጉርዱንም፣ ሸሚዙንም። ይኸው በአንድም ሰው አላሳማኋትም።»

አየኋት። ክፋት ፈልጌ ፊቷን ሁሉ በረበርኩ፤ ያገኘሁት የሰፊ ኩራት ብቻ ነው። ያኔ ገባኝ፤ እናቴ አታውቅም። ቅዳሜ በር ተዘግቶ የሚሆነውን የነገራት የለም። እኔ እታለም ነግራታለች ብዬ፣ እታለም ደግሞ የሚነገር ነገር ነው ብላ ሳታስብ።

«እማዬ» አልኳት፤ «እታለም ሚዛን ላይ አትወጣም። የምትለካው በዚህ ቀሚስ ነው። አልሰፋ ሲላት መድኃኒቱ አልሠራም ብላ መርፌውን ትጨምራለች።»

ቀሚሱን ከእጄ ወሰደችው። በጣቷ የገዛ ስፌቷን ከላይ እስከ ታች ሄደችበት። «ታዲያ እኔ ነኝ...» ብላ ጀመረችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

በሩ ተከፈተ፤ እታለም ከባሏ ጋር ገባች። ቅዳሜ ስለሆነ ዓይኗ በቀጥታ የሄደው ወደ ቀሚሱ ነው።

«ምን እያደረጋችሁት ነው?» አለች። የተገለበጠውን ስፌት፣ ቀዳዳዎቹን አየች። ሰፊ ናት፤ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ነሽ! ተንኮለኛ! አውቄያለሁ፣ ደርሰሽ ስታፈጪ...»

«እኔ ነኝ ልጄ» አለች እናቴ።

ማንም ሌላ ነገር እንዳይናገር ፈጠን ብዬ መተርተሪያውን አነሳሁ፤ የቀሚሱን ሁለቱንም ጎን እታለም በመጀመሪያ ሰፍታው እስከነበረው መስመር ድረስ ተረተርኩና በትልልቅ ስፌት ያዝ ያዝ አደረግኩት። «ልበሺው» አልኳት።

ከላይ ከለበሰችው ላይ ደረበችው። ትከሻው ተንሸራተተ። ወገቡ ላይ ጣት ማስገባት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሁለት እጇን እስከ አንጓዋ ከተተችበትና ጨርቁን ወደ ፊት ገፋችው፤ ሌላ ሰው ጨምሮ ይገባበት ነበር። ባሏ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

በመጀመሪያ ፊቷ ላይ ያየሁት ደስታ ነው። ከሁሉ ያስፈራኝም እሱ ነው።

«ሠርቷል ማለት ነው?» አለች። ድምፅዋ የሕፃን ነበር። «ይኼን ሁሉ ጊዜ ሠርቷል?» ከዚያ ደስታው እንደ መብራት ጠፋ። የጨመረችው ሁሉ አንድ በአንድ ፊቷ ላይ ሲመጣ አየሁት። «ወይኔ! ታዲያ እኔ ምን...» ባሏ ሳትወድቅ ያዛት፤ አንስቶ ወደ መኪናው ሲሄድ እንደ ባዶ ከረጢት ነው የያዛት።

ሆስፒታል ውስጥ ግሉኮስ ሰቀሉላት፣ ደም ወሰዱ። ሐኪሟ ሚዛን ላይ አቆመቻት፤ ቁጥሩን እኔ አላየሁም፣ ዶክተሯ ግን ካየች በኋላ አውርዳ እንደገና አቆመቻት። ብረቷና ቫይታሚኗ አልቋል፤ ጡንቻዋም እየሄደ ነው። መርፌው ለጊዜው ቆመ።

«መድኃኒቱ ሥራውን ሠርቷል» አለች ዶክተሯ። «ምን እየሠራ እንደሆነ ያየለት ነው የጠፋው። ስታገግሚ ከትንሹ መጠን እንጀምር ይሆናል፣ ላንጀምርም እንችላለን፤ አብረን እናያለን። ግን አንድ ጠብታ ያለ እኔ ብትጨምሪ አላክምሽም።» ከዚያ ወደኛ ዞረች። «እናንተም ብትሆኑ የምታዩትን አትደብቁኝ።» እናቴ ተማሪ ይመስል አንገቷን ደፋች።

እታለም እናቴን ለቀናት አላናገረቻትም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከአልጋው ላይ ሆና፣ «ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለቻት።

«አንቺስ ብትነግሪኝ?» አለች እናቴ።

እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ የምጠረጥረው ሰው አጣሁ። ምን ያህል እንደሚያደክም ላስረዳችሁ አልችልም።

ከሆስፒታል ከወጣች በኋላም ረሃብ የሚባል አልነበራትም። ሰዓት እየጠበቀች፣ እንደ ክኒን እየቆጠረች ነበር የምትበላው፤ በትንሹ፣ እያላመጠች፣ ውሃውን ከምግቡ ለይታ፣ እያንገሸገሻት። የደም ምርመራ ውጤት ልንሰማ ሄደን በባሏ ታክሲ ስንመለስ እናቴ ከፊት ተቀምጣለች፣ እኔና እታለም ከኋላ ነን። የትራፊክ መብራት ላይ ቆመን ሳለ እታለም በቀስታ፣

«ራበኝ» አለች።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ የእህቴ ባል ግን አልነዳም፤ ከኋላ ጡሩምባ ነፉብን። ያ ቃል በዚህ ቤት ስንቱን አስለቅሷል! የትኛው ረሃብ ነው? የጤናው ነው ወይስ ያ በጓሮ የሚገባው? እሷም ያንኑ እያሰበች እንደሆነ እጇን ሆዷ ላይ ስታደርግ አየሁ፤ በር የሚያንኳኳውን ሰው በድምፁ ለመለየት የምታዳምጥ ነው የምትመስለው።

«እውነተኛው ይሁን ያኛው ይሁን አላውቅም» አለች።

ባሏ ዳር ይዞ አቆመና ከአንድ ኪዮስክ የተቀቀለ እንቁላል ይዞ ተመለሰ። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቅ ነው ያቀበላት። ላጠችው፣ ጫፉን ገመጠች፣ ማላመጥ ጀመረች። ሦስታችንም አፏን እያየን ነው። እናቴ አብራት ታላምጣለች፣ አፏ ውስጥ ምንም ሳይኖር።

«አትዩኝ!» ብላ ጮኸች እታለም።

ሁላችንም ባንዴ ወደየመስኮታችን ዞርን። እኔ ግን በመስታወቱ ውስጥ አያታለሁ። ግማሹ ላይ ስትደርስ ቆመች። የተረፈውን በሶፍት ጠቀለለች።

«በቃኝ» አለች።

ጨምሪ ያላት የለም። በቃሽ ያላትም የለም። ባሏ ሞተሩን አስነሳ፤ እናቴ ወደ ፊት እያየች፣ «ቀጥል እንጂ» አለችው።